እውነት ወይስ ተረት? «ባል ይዘምታል፣ ሚስት ቤት ትጠብቃለች»

ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ። የስልክ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ፊት አንዲት ሴት ለዘመተ ባሏ የምትልከውን ትመርጣለች፦ የእጅ ባትሪ፣ ወፍራም ካልሲ፣ ፓወር ባንክ። ባለሱቁ ዕቃውን በፌስታል እየከተተ፣ «አቦ፣ አንቺ ምን አለብሽ? የሚዘምተው እሱ ነው። ያንቺ መጠበቅ ብቻ» አላት። ዝም ብላ ሂሳቧን ከፈለች። ይህን አባባል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ያን ቀን ግን አንገበገበኝ።

ተረት ነው። ድሮ እንደ ዛሬው ለእያንዳንዱ ወታደር ቀለብ የሚያድል ክፍል አልነበረም፤ ዘማች ስንቁን ከቤቱ ይዞ ይወጣል። አፄ ምኒልክ ከአዲስ አበባ የተነሡት በጥቅምት 1888 ነው፤ የዓድዋ ጦርነት የሆነው የካቲት 23። በመካከሉ ያሉትን ወራት ያን ሁሉ ሕዝብ ማን አበላው? በቅሎዋን እየነዳች፣ ማሰሮዋን አዝላ የተከተለችው ሚስት ናት፤ አገልጋዮችም አብረው ነበሩ። ጦሩ ሲሰፍር ወንዱ ያርፋል፤ የእሷ ሥራ ገና ያን ጊዜ ይጀመራል። እንጨት ትለቅማለች፣ ውኃ ትወርዳለች፣ ትጋግራለች። ተኩስ ሲከፈት ደግሞ ለተዋጊው ውኃ ታደርሳለች፣ ቁስለኛ ታነሣለች። እቴጌ ጣይቱን ሁላችንም እናውቃለን፤ የእነዚህን ሴቶች ስም ግን የመዘገበ የለም ማለት ይቻላል። ይህ ያሳዝነኛል።

ስንቁን ራሱን፣ በሶውን እንየው። ገብሱ ይታመሳል፣ ይፈጫል፣ በወንፊት ይነፋል። ግንባር ላይ ጨው ጣል ተደርጎበት፣ ከኮዳ ውኃ ጠብ እያለበት በመዳፍ ይጨበጣል። እሳት አይፈልግም፤ እሳት የለም ማለት ደግሞ ለጠላት የሚታይ ጭስ የለም ማለት ነው። የበሶን ጥቅም የሚያውቅ ወታደር፣ የሚስቱ እጅ ከምሽጉ ውስጥ አብሮት እንዳለ ያውቃል።

«ግንባር ማለት ቀን ከሌት ተኩስ ነው» የሚለውስ? ይህም ተረት ነው። የወታደር ውሎ አብዛኛው ምሽግ መቆፈር፣ ዘብ መቆም፣ መሣሪያ መወልወል፣ ቅማል መልቀም፣ ኮቾሮ በሻይ ማራስና መጠበቅ ነው። መጠበቁ የሚስት ብቻ አይደለም፤ እሱም እዚያ ሆኖ የቤቱን ወሬ ይጠብቃል።

ሦስተኛውን ተረት እዚሁ ድሬዳዋ ላይ መስማት ይከብደኛል፦ «የ1969ኙ ጦርነት ሩቅ፣ ኦጋዴን ውስጥ ነበር።» የሶማሊያ ጦር በሐምሌ 1969 ድንበር ጥሶ ከገባ በኋላ፣ በነሐሴ ድሬዳዋን ራሷን በታንክና በመድፍ አጠቃ። የአየር ኃይሉ ጣቢያ እዚህ ነው፤ የባቡሩ ከተማም ይህችው ናት። የጅቡቲው ሐዲድ አስቀድሞ ተቆርጦ ስለነበር በባቡር የሚገባው ሸቀጥ ቀርቷል። ጥቃቱ ከከተማው ጥግ ተመለሰ፤ ጅጅጋ ግን በመስከረም 1970 ተያዘች፤ የተመለሰችው በዚያው ዓመት የካቲት 26፣ በካራማራ ድል ነው። እስቲ አስቡት፦ ባሏ ከከተማው ዳር ምሽግ ውስጥ፣ እሷ ከልጆቿ ጋር ከግድግዳው ሥር፤ የሚሰሙት መድፍ አንድ ነው። ያቺ ሴት ከግንባር ኋላ ነበረች ልትባል ነው?

ያን ጊዜ በአገሩ ሁሉ ያለችው እናትና ሚስትም በየቀበሌው ተሰብስባ ቆሎ ስትቆላ፣ ዳቦ ቆሎ ስትቆራርጥ ነበር። ባሏ የትኛው ምሽግ እንዳለ ሳታውቅ፣ ለማን እንደሚደርስ ሳታውቅ።

«ዛሬ ስልክ አለ፤ ርቀት ቀረ» የሚሉም አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ድምፁን ትሰማለች። ነገር ግን ወታደር ያለበትን ቦታ አይናገርም፤ ኔትወርክ በሌለበት ቀናት ያልፋሉ፤ ሲደውልም «ደህና ነኝ፣ ልጆቹስ?» ብሎ የራሱን ወሬ በልጆቹ ወሬ ይሸፍናል። እሷም የቤት ኪራዩን ጭማሪ፣ የትንሹን ትኩሳት ትደብቀዋለች። ሁለቱም አንዱ ለሌላው ሲሉ ይዋሻሉ።

የገበያዋ ሴትዮ ፌስታሉን ይዛ ጥቂት ከሄደች በኋላ ወደ ባለሱቁ ተመለሰች። «ባትሪው የሚሠራ መሆኑን አብራልኝ እስቲ» አለችው። አበራላት። አጥፍታ ራሷ እንደገና አበራች፣ በመዳፏ ጋርዳ ብርሃኑን አየች፣ ከዚያ ከካልሲው ውስጥ ሸጉጣው ሄደች።