ትልቅ አጥንት፣ ትንሽ ማስመሪያ

«አልወፈርኩም፤ አጥንቴ ትልቅ ነው» የሚለውን መልስ ብዙ ጊዜ የሚወልደው ሰላምታችን ነው። ሰላምታችን ራሱ ሚዛን ይዞ የመምጣት ልማድ አለውና የከሳውን «ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ?» ይለዋል፤ የወፈረችውን «ተመችቶሻል!» ይላታል። ለቁመናም ቃል አላነሰንም። ሸንቃጣ፣ መለሎ፣ ደልዳላ፣ ደንዳና፣ ክሲታ እያልን ሰውን በአንድ ቅጽል እንጠቀልለዋለን። ችግሩ እነዚህ ቃላት አጥንትን፣ ጡንቻንና ስብን በአንድ ከረጢት መክተታቸው ነው። ደልዳላ የተባለው ሰው ትከሻው የሰፋው በተፈጥሮ አጥንቱ ይሁን በሸክም ሥራ ባዳበረው ጡንቻ፣ ቃሉ አይነግረንም። ቤት ውስጥ በማስመሪያ ወይም በልብስ ሰፊ ሜትር የሚደረገው የአጥንት ስፋት ልኬት ዓላማው ከሦስቱ አንዱን፣ አጥንቱን ብቻ፣ ለይቶ ማውጣት ነው። ይህን ሥራውን ደግሞ ከሚጠበቀው በላይ በሚገባ ይሠራዋል። የምጠራጠረው በልኬቱ ላይ የተንጠለጠለውን ነው፤ «ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ» የሚሉትን ሦስት ስሞችና ከየስሙ ጎን የሚጻፈውን ኪሎ።

ለመለካት ከክርን መጀመር ይሻላል። ቀኝ ክንድ ወደ ፊት ይዘረጋል፤ ከዚያ ክርኑ ታጥፎ የታችኛው ክንድ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይቆማል፤ እጥፋቱ 90 ዲግሪ መሆን አለበት። የእጅ አንጓው የውስጥ በኩል ወደ ባለቤቱ ይዞራል። በግራ እጅ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ክርኑን ከግራና ከቀኝ ሲዳብሱት ሁለት ጎላ ያሉ እብጠቶች ይገኛሉ። ሁለት አጥንቶች ይምሰሉ እንጂ ከትከሻ እስከ ክርን የሚወርደው የአንዱ አጥንት የታችኛው ጫፍ ግራና ቀኝ ናቸው። ጣቶቹ እነዚህን እንደያዙ ሳይላወሱ ወደ ማስመሪያ ይወሰዱና በመካከላቸው ያለው ርቀት ይነበባል። ብረት ቤት የሚሠሩ ሰዎች የሚገለገሉበት ካሊፐር ያገኘ ደግሞ የጣትን መንቀጥቀጥ ከሂሳቡ ያስወጣል። ክርን የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ስብ የሚከማቸው በሆድ፣ በዳሌ፣ በጭንና በላይኛው ክንድ ነው፤ በክርን ጎን ግን ቆዳና አጥንት ሊገናኙ ምንም አይቀራቸውም። ጡንቻውም እዚያ ሲደርስ ጅማት ሆኖ ይቀጥናል። ስለዚህ አንድ ሰው 10 ኪሎ ቢጨምር ወይም ቢቀንስ የክርኑ ስፋት እምብዛም አይነቃነቅም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1983 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ፍሪሳንቾና ፍሌገል የተባሉ ተመራማሪዎች የአሜሪካን ብሔራዊ የጤና ጥናት መረጃ መርምረው ክርንን ለዚህ ሥራ ያጩት ከስብ ጋር ያለው ዝምድና ደካማ በመሆኑ ነው።

የእጅ አንጓ ልኬት የበለጠ የታወቀ ነው፤ ሜትር ለመጠምጠም ረዳት አያስፈልግም። በትንሿ ጣት በኩል ጎልቶ ከሚታየው አጥንት ወደ መዳፍ አለፍ ብሎ ሜትሩ በቀኝ አንጓ ላይ ይዞራል፤ ከዚያ ቁመት በሴንቲ ሜትር ተወስዶ በአንጓው ዙሪያ ይካፈላል። ለወንድ ውጤቱ ከ10.4 በላይ ሲሆን አጥንተ ቀጭን፣ ከ9.6 በታች ሲሆን አጥንተ ትልቅ፣ በመካከል ሲሆን መካከለኛ ይባላል። ለሴት ድንበሮቹ 11 እና 10.1 ናቸው። ብዙዎችን የሚያሳስተው ቁጥሩ ባነሰ መጠን አጥንቱ መተለቁ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ72፣ አንጓው 17 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወንድ 10.1 ያወጣል፤ መካከለኛ ነው። ከሁሉም የቀለለው ሦስተኛ ዘዴ አውራ ጣትንና የመሀል ጣትን በሌላው እጅ አንጓ ዙሪያ ማገናኘት ነው። ጣቶቹ ከተደራረቡ ቀጭን፣ ከተነካኩ መካከለኛ፣ ካልተዳረሱ ትልቅ ይባላል። ጨርቅ በክንድ ይሸጥ በነበረበት ዘመን «በማን ክንድ?» የሚለው ጥያቄ ገንዘብ ያወጣ ነበር፤ እዚህም ጥያቄው ያው ነው። ጣተ ረጅሙ ሰው አንጓው ምንም ያህል ቢሰፋ ቀጭን ተብሎ ይወጣል፣ ጣተ አጭሩ ትልቅ ይባላል። ሰውየው ራሱን በራሱ እየለካ ነውና ይህን ዘዴ ለጨዋታ መተው ይሻላል።

የተሻሉት ሁለቱ ዘዴዎችም ቢሆኑ ጠባብ በር አላቸው። ባዶ እግሯን 1 ሜትር ከ60 የሆነች ሴት በጣም በተሠራጨው፣ ታሪኩ ከታች በሚመጣው ሠንጠረዥ መሠረት «መካከለኛ» ለመባል የክርኗ ስፋት በግምት ከ6 እስከ 6.7 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ከቀጭኑ ጎራ ወጥቶ ትልቁ ጎራ እስኪደረስ ያለው መንገድ በሙሉ 7 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ጣቶቿ ከክርን ወደ ማስመሪያ ሲጓዙ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢከፈቱ መንገዱን እኩሌታ ሊያጋምሷት ምንም አይቀራቸውም። በአንጓው ሂሳብ ደግሞ ለዚችው ሴት የመካከለኛው ክልል ከ14.5 እስከ 15.8 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሜትሩን ጠበቅ ወይም ላላ ማድረግ ብቻውን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያመጣል። አንጓ ላይ የሚያልፉት ጅማቶች፣ ቆዳውና ጥቂቱ ስብ ሁሉ በዙሪያው ውስጥ ስለሚቆጠሩም ልኬቱ ከክርኑ ይልቅ ለውፍረት ይጋለጣል። መድኃኒቱ ሦስት ጊዜ ለክቶ የመሀለኛውን መውሰድ፣ ሁለቱንም ዘዴ መሞከርና ካልተስማሙ «ድንበር ላይ ነኝ» ብሎ መተው ነው። ስብራት ያገኘው ወይም በመገጣጠሚያ ሕመም ያበጠ እጅ አይለካም፤ አጥንታቸው ገና እያደገ ላሉ ልጆችና ጎረምሶችም ይህ ሁሉ አይሠራም።

ሦስቱ ስሞች ከየት መጡ ሲባል መልሱ ያለው በኒው ዮርክ፣ በአንድ የሕይወት ኢንሹራንስ ኩባንያ ቢሮ ነው። ሜትሮፖሊታን ላይፍ በስታቲስቲክስ ሹሙ በሉዊስ ደብሊን ዘመን፣ በ1942 ለሴቶች፣ በ1943 ለወንዶች «ተስማሚ ክብደት» የሚል ሠንጠረዥ አወጣ። ለኩባንያው ጥያቄው የውበት አልነበረም፤ የትኛው ደንበኛ ዕድሜው ይረዝማል የሚል ነበር። ለአንድ ቁመት አንድ ኪሎ መስጠት ግትር ስለሚሆን ክብደቱ በሦስት ዓምድ ተከፈለ፤ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ የአጥንት መዋቅር። የሚገርመው ታዲያ አንድ ሰው ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ በምን እንደሚያውቅ ሠንጠረዡ አለመናገሩ ነው። መዝገቡ የተሰበሰበባቸው ደንበኞችም አጥንታቸው ተለክቶ አያውቅም። የክርን መለኪያው የመጣው ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1983ቱ እትም ነው፤ እሱም ከሌላ ምንጭ፣ ከ1971 እስከ 1975 ከተደረገው ብሔራዊ የጤና ጥናት ተወሰደ። ድንበሮቹም ከሕዝቡ ግማሹ መካከለኛ፣ ሩቡ ትንሽ፣ ሩቡ ትልቅ እንዲሆን ተደርገው ተሰመሩ። እንግዲህ የኪሎው ዓምድ የአንዱ ሕዝብ፣ የክርኑ ዓምድ የሌላው ሕዝብ ነው። ሁለቱን ያጋባቸው ሠንጠረዥ አውጪው እንጂ በአንድ ሰው አካል ላይ አብረው የተለኩ አይደሉም። (ቁመቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ተረከዝ ካለው ጫማ ጋር፣ የሴቶቹ ክብደትም 1.4 ኪሎ ከሚመዝን ልብስ ጋር የታሰበ መሆኑን የሚያስታውስ ደግሞ ጥቂት ነው።) በተፈጥሮ ውስጥ አጥንት ሦስት ጎራ ይዞ አልተሰለፈም፤ ከጠባቡ ወደ ሰፊው ሳይቋረጥ የሚሄድ መስመር ላይ የቢሮ እርሳስ ሁለት ቦታ ቆረጠው።

«እንዲያ ከሆነ አጥንትን መቁጠር ምን ያደርጋል? ቢኤምአይ አይበቃም ወይ?» የሚል ሰው ይኖራል። ቢኤምአይ፣ ማለትም ክብደት በኪሎ ለቁመት በሜትር ካሬ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር፣ አጥንትን ከስብ እንደማይለይ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰውም በዚህ ነው። ነገር ግን ወቀሳው አንድ ነገር ይዘላል። ጤናማ የሚባለው ክልል፣ ከ18.5 እስከ 25፣ 1 ሜትር ከ60 ለሆነችው ሴት ከ47 ኪሎ ተኩል አካባቢ ጀምሮ እስከ 64 ኪሎ ይዘረጋል። ከ16 ኪሎ በላይ የሚሆን ሜዳ ነው። በ1983ቱ ሠንጠረዥ ለዚችው ሴት የተሰጠው ክብደት ለትንሽ አጥንት ከ52 እስከ 58፣ ለመካከለኛ ከ56 እስከ 63፣ ለትልቅ ከ61 እስከ 68 ኪሎ ግድም ነው፤ ከአንዱ ዓምድ መሀል ወደ ሌላው መሀል 5 ኪሎ ያህል ብቻ። የአጥንቱ ልዩነት በአብዛኛው ቢኤምአይ አስቀድሞ በተወው ሜዳ ውስጥ ተውጧል። አጥንት የሚጠቅመው በሜዳው ውስጥ ቦታን ለመምረጥ ነው፤ ክርኗ 5.8 የሆነ ሴት 63 ኪሎ ስትሞላ «ገና ክልሉ ውስጥ ነኝ» ብላ ከመጽናናቷ በፊት ልታስብበት ይገባል፤ ክርኗ 7 የሆነችው ደግሞ 52 ለመግባት ራሷን ማስራብ የለባትም። ከሜዳው 20 ኪሎ ርቆ የወጣ ሰው ግን አጥንቱን ምስክር አድርጎ ሊጠራው አይችልም። የአንድ ጎልማሳ ወንድ አጽም ከነመቅኑ 10 ኪሎ ገደማ ነው። ሰፊ አጥንት ሰፋ ያለ ጡንቻ ይሸከማል ብለን ብንጨምርለት እንኳ ከሠንጠረዡ የ5 ኪሎ ችሮታ ብዙ አይርቅም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ቁጥሮቹ የአሜሪካውያን ናቸው። ይህን አልክደውም። የሰው አካል ከቦታ ቦታ የሚለየው በስፋቱ ብቻ ሳይሆን በቅርጹም ነው። በኢትዮጵያ አርብቶ አደር አካባቢዎች ያሉ ሕፃናት ከቁመታቸው አንጻር እግራቸው የረዘመ ስለሆነ ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያመዛዝነው መለኪያ የክንድ ዙሪያ ልኬት ከሚያሳየው ይልቅ ብዙዎቹን «የተጎዱ» ብሎ እንደሚመድባቸው ተጠንቷል። እግር ረዝሞ ቁመት ሲጨምር ክብደቱ በዚያ ልክ አይጨምርም። ይኸው ነገር ቁመትን በአንጓ የሚያካፍለውን ሂሳብም ያናጋዋል፤ ባለ ረጅም እግር ሰው አንጓው ሳይቀጥን «አጥንተ ቀጭን» ይሆናል። ስለዚህ ድንበሮቹን ለእኛ ሰው እንደ ሕግ ማንበብ ስህተት ነው። ልኬቱ ራሱ ግን አሜሪካዊ አይደለም። 6.2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክርን ደሴም ሆነ ዲሲ 6.2 ነው፤ እናትና ልጅ፣ ወንድምና እህት ጎን ለጎን ቢለኩት የቤተሰቡን አጥንት ያለ ምንም ሠንጠረዥ ያነጻጽራል። ስለ ስኳርና ስለ ልብ በሽታ የሚጨነቅ ሰው ደግሞ ያንኑ ሜትር ከአንጓው አንስቶ ወገቡ ላይ ቢያዞረው ይሻለዋል፤ የወገብ ዙሪያ ከቁመት ግማሽ ሲያልፍ የሚናገረው አጥንት የማይነግረውን ነው።

አጥንተ ቀጭንነት በእርግጥ ሊታወቅ የሚገባው ከክብደት ጋር በማይገናኝ ሌላ ጉዳይ ነው። አጥንት ከጎልማሳነት በኋላ ቀስ እያለ ይሳሳል፤ በሴቶች ላይ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ይፈጥናል። ትንሽ አጥንት ይዞ የተነሳ ሰው የሚያጣው ከትንሽ ላይ ነውና ለአጥንት መሳሳት ከሚያጋልጡ ምክንያቶች አንዱ ትንሽ የአካል መዋቅር ነው። በሽታው ብዙ ጊዜ ራሱን የሚገልጠውም ወድቃ በእጇ መሬቱን በደገፈች ሴት አንጓ ላይ፣ ያው ሜትሩ በተጠመጠመበት ቦታ አካባቢ በሚደርስ ስብራት ነው። አጥንተ ቀጭን የሆነች ሴት 60 ዓመት ሲሞላት ሐኪሟ ወላጇ ዳሌው ተሰብሮ ያውቅ እንደሆነ፣ ሲጋራ ታጨስ እንደሆነ፣ ስቴሮይድ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ወስዳ እንደሆነ ይጠይቃታል፤ ክርኗ 5.7 መሆኑንም ብትነግረው አያጣጥለውም። የአጥንቷን ጥግግት ለማወቅ ግን ዴክሳ ወደሚባለው የራጅ ምርመራ ይልካታል፤ ማስመሪያው የለካው የአጥንቱን ውጪ ነውና።