ጨጓራን በቀዶ ሕክምና ማሳነስና የጅቡቲ ሙቀት

ውፍረትን ለመቀነስ ዛሬ በብዛት የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ከጨጓራው ሦስት አራተኛ ያህሉን ቆርጦ ማውጣት ነው። ስለዚህ ይህ ሕክምና የተደረገለት የጅቡቲ ከተማ ነዋሪ እንደ ቀድሞው ብርጭቆ ሙሉ ውሃ በአንድ ጊዜ ሊጠጣ አይችልም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ደግሞ የከተማይቱ ሙቀት ብዙ ቀን ከ40 ዲግሪ ይበልጣል፤ ካምሲን የተባለው ደረቅ ነፋስም ይጨመርበታል። መላው ጥም እስኪሰማ ሳይጠብቁ ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት መጎንጨት ነው።

ነገር ግን የሚከፋው ሙቀቱ ሌላውን ሕመም መሸፈኑ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታይ ትኩሳት፥ የልብ ምት መፍጠን፥ የሆድ ወይም የትከሻ ሕመም የተሰፋው ሥፍራ ማፍሰሱን ሊያመለክት ይችላል፤ የአንድ እግር እብጠትና የትንፋሽ ማጠር ደግሞ የደም መርጋትን። ይህን ሁሉ «ሙቀቱ ነው» ብሎ ማሳለፍ (ቤተሰብም አብዛኛውን ጊዜ የሚለው ይህንኑ ነው) ለሞት ሊያደርስ ይችላል።

ትውከቱ ለብዙ ቀናት ካላቋረጠ የቫይታሚን ቢ1 እጥረት ሊከተል ይችላል፤ ምልክቱም አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፥ መንገዳገድና መዘባረቅ ነው። እንዲህ ለደከመ ሰው ቢ1 ሳይሰጠው ግሉኮስ ብቻ በደም ሥሩ ቢገባለት አንጎሉ ሊጎዳ ስለሚችል፥ ታካሚው ወይም አስታማሚው ሐኪም ቤት እንደ ደረሰ ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ቀዶ ሕክምናው መናገር ይገባዋል።