ባለ አንድ ምላጭ መላጫዎች ሲመዘኑ፦ ምቾት ከዋጋ ይመጣልን?

ጺም ማብቀል የጀመረ ወጣት ሁሉ ፈጥኖም ሆነ ዘግይቶ አንድ ምርጫ ይገጥመዋል። በሱቅ መደርደሪያ ላይ ከአንድ እስከ አምስት ምላጭ የተደረደረባቸው መላጫዎች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ የምላጩ ቁጥር በጨመረ መጠንም ብዙውን ጊዜ ዋጋው ከፍ ይላል። የተማሪ ኪስ የሚፈቅደው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉ ርካሹን፣ ማለትም ባለ አንድ ምላጩን ነው። ለመሆኑ ርካሹን የመረጠ ተማሪ ምቾቱን አሳልፎ መስጠቱ ነውን? ከተላጨ በኋላ በአገጩና በአንገቱ ላይ ለሚወጡት ሽፍታዎችስ ተጠያቂው የመላጫው ርካሽነት ነውን? በዚህ ጽሑፍ በአነስተኛ ዋጋ የሚገኙ ባለ አንድ ምላጭ መላጫዎችን በየዓይነታቸው እናነጻጽራለን። ከዚያ በፊት ግን መላጨት በፊዚክስና በሥነ ሕይወት ዓይን ምን ማለት እንደሆነ መመልከት ይኖርብናል።

ፀጉርና ብረት ሲገናኙ

የጺም ፀጉር ኬራቲን ከተባለ ፕሮቲን የተሠራ ነው። ውፍረቱ ከሰው ሰው ቢለያይም አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ይህን ክር ለመቁረጥ የሚያስችለን የእጃችን ጉልበት ሳይሆን የስለቱ ቅጥነት ነው። በፊዚክስ ትምህርት እንደምናውቀው ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው። የአንድ ጥሩ ምላጭ የስለት ጫፍ ውፍረት በናኖሜትር የሚለካ ነው። የጫፉን ውፍረት 100 ናኖሜትር፣ ፀጉሩን የሚነካውን የስለት ርዝመት ደግሞ 0.1 ሚሊሜትር ነው እንበል። በዚህች ጠባብ ስፋት ላይ የአንድ ግራም ክብደት ያህል፣ ማለትም 0.01 ኒውተን ኃይል ብቻ ቢያርፍ፣ የሚፈጠረው ግፊት አንድ ቢሊዮን ፓስካል ይሆናል። ይህም ከከባቢ አየር ግፊት አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ስለታም ምላጭ መጫን አያስፈልገውም፤ የሚጫን ሰው በፀጉሩ ፈንታ ቆዳውን ይፍቃል።

የዛሬ ምላጮች በአብዛኛው የሚሠሩት 13 ከመቶ ገደማ ክሮሚየም ካለበት ከማይዝግ ብረት ነው። ብረቱ በከፍተኛ ሙቀት ግሎ በፍጥነት እንዲቀዘቅዝ ሲደረግ ማርቴንሳይት የተባለ ጠንካራ ውስጣዊ ቅርጽ ይይዛል። በስለቱ ላይ ደግሞ ሰበቃን የሚቀንስ፣ ቴፍሎን በሚል ስም የሚታወቀው ፖሊመር በስሱ ይቀባል። አዲስ ምላጭ በፊት ላይ የሚንሸራተተው፣ ያረጀው ደግሞ ፀጉር የሚጎትተው አንድም የዚህ ቅብ መኖርና አለመኖር ነው።

አበው «ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ» ይላሉ። ምላጭ ባያብጥም እንኳ ይጎዳል፤ የሚጎዳውም በለስላሳው ፀጉር መሆኑ ያስገርማል። የምላጭ ብረት ከፀጉር 50 ጊዜ ያህል ይጠነክራል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2020 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ የወጣው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ጥናት እንዳሳየው፣ ስለቱ የሚደንዘው ቀስ በቀስ በመሞረድ ብቻ አይደለም፤ ጥቃቅን ስባሪዎችም ከጫፉ ይሸረፋሉ። በጄም ታሳን የሚመራው የተመራማሪዎች ቡድን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እየተመለከተ እንዳረጋገጠው፣ መሸረፉ የሚከሰተው ፀጉሩ ጎንበስ ብሎ በአግድም ሲገጥም፣ የብረቱ ውስጣዊ ቅርጽ ወጥ ሳይሆን ሲቀርና ፀጉሩ በዚያው ደካማ ቦታ ላይ ሲያርፍ ነው። ከዚህ የምንረዳው የምላጭ ጥራት ያለው በብረቱ ወጥነትና በአሳሳሉ እንጂ በማሸጊያው ውበት አለመሆኑን ነው።

የውኃ ድርሻ

ኬራቲንን ጠንካራ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ በሞለኪውሎቹ መካከል ያለው የሃይድሮጂን ትስስር ነው። ፀጉር በውኃ ሲርስ የውኃ ሞለኪውሎች በመካከል እየገቡ ይህን ትስስር ያላሉታል፤ ፀጉሩም ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ለመቁረጥ የሚያስፈልገውም ኃይል በጉልህ ይቀንሳል። ለዚህ ለውጥ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ በቂ ነው። ሞቅ ያለ ውኃ ሥራውን ያፋጥናል። ሳሙናው በፀጉሩ ላይ ያለውን ቅባት አጥቦ ውኃው እንዲገባ ይረዳል፤ አረፋው ደግሞ እርጥበቱን ጠብቆ በቆዳና በብረት መካከል ሰበቃን ይቀንሳል። በደረቅ ፊት ላይ የተሞከረ ውድ መላጫ፣ በሚገባ በራሰ ፊት ላይ ከሚያልፍ ርካሽ ምላጭ ጋር ሊወዳደር አይችልም።

ከጂሌት እስከ ዛሬ

በቀጭን ብረት የተሠራ፣ ሲደነዝዝ የሚጣልና የሚተካ ምላጭ በስፋት ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት ነው። ቀጭኑን ብረት አጠንክሮ የመሳሉን ችግር የፈታለት መሐንዲሱ ዊልያም ኒከርሰን ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1903 የሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር፤ የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫው የተሰጠው በ1904 ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከማይዝግ ብረት የተሠሩ ምላጮች ገበያውን ያዙ። በ1971 ባለ ሁለት ምላጭ መላጫ ቀረበ። በ1975 ደግሞ የቢክ ኩባንያ ከእነ እጀታው የሚጣለውን ባለ አንድ ምላጭ የፕላስቲክ መላጫ ይዞ መጣ። ውድድሩ ቀጥሎ በ1998 ሦስት፣ በ2006 አምስት ምላጭ በአንድ ራስ ላይ ተደረደሩ።

ሦስቱ ርካሽ መላጫዎች

መላጫዎችን ለማነጻጸር ሦስት ነገሮችን መመልከት ይጠቅማል። አንደኛው ምላጩ ከቆዳው ጋር የሚሠራው ማዕዘን ነው። ሁለተኛው የስለቱ መጋለጥ፣ ማለትም ስለቱ ከፊቱ ካለው መከላከያ ጠርዝና ከበላዩ ካለው ክዳን ምን ያህል ወጣ ብሎ ይገኛል የሚለው ነው። ሦስተኛው በስለቱና በመከላከያው ጠርዝ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ክፍተቱና መጋለጡ በጨመሩ ቁጥር ምላጩ ፀጉሩን አቅርቦ ይቆርጣል፤ ቆዳውን የመቁረጥ ዕድሉም አብሮ ያድጋል።

የመጀመሪያው ዓይነት ከእነ እጀታው የሚጣለው የፕላስቲክ መላጫ ነው። ማዕዘኑም ሆነ መጋለጡ ከፋብሪካ ተወስኖ ስለሚመጣ ለጀማሪ ይቀልላል። ቀላል በመሆኑ ግን ሰው ሳያስበው ይጫነዋል። ምላጩ ከፕላስቲኩ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ በጠባቡ ክፍተት ውስጥ የሚጠራቀመውን ፀጉርና ሳሙና ማጠብ አንዳንዴ ያስቸግራል። ራሱ የማይንቀሳቀስ በመሆኑም በአገጭ መታጠፊያ ላይ እጃችን ማዕዘኑን መጠበቅ አለበት።

ሁለተኛው ባለ ሁለት አፍ ምላጭ የሚገባበት የብረት መላጫ ነው። በየሱቁ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠው፣ ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር የሆነው ምላጭ የሚያገለግለው ለዚህ ነው። ምላጩ ሁለት ስለት ቢኖረውም በአንድ ጊዜ ቆዳን የሚነካው አንዱ ብቻ ስለሆነ ከባለ አንድ ምላጭ ወገን ይመደባል። የእጀታው ክብደት ራሱ በቂ ኃይል ስለሚሰጥ እጅ መምራት ብቻ ይጠበቅበታል። ከቆዳው ጋር 30 ዲግሪ ገደማ የሆነውን ማዕዘን ለማግኘት ግን ጥቂት ልምምድ ይጠይቃል። ምላጩ ልል ሆኖ ከታሰረ ይንቀጠቀጣል፤ የሚንቀጠቀጥ ስለት ደግሞ ይቧጥጣል። ስለዚህ ከመላጨት በፊት ምላጩ በሁለቱም በኩል እኩል መውጣቱንና በሚገባ መጥበቁን ማየት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ፀጉር አስተካካዮች የሚጠቀሙበት፣ ለሁለት የተሰበረ ምላጭ የሚገባበት ታጣፊ እጀታ ነው። መከላከያ ጠርዝ ስለሌለው ማዕዘኑና ኃይሉ ሙሉ በሙሉ በእጅ ልምድ ላይ ይመሠረታል። በሠለጠነ እጅ ከሁሉም የጠራ ሥራ ይሠራል፤ በጀማሪ እጅ ግን አደገኛ ነው።

የተጠቀለለ ጺም ጉዳይ

ባለ ብዙ ምላጭ መላጫ የሚሠራበት ዘዴ ለብዙዎቻችን ልዩ ትርጉም አለው። የመጀመሪያው ምላጭ ፀጉሩን ሲቆርጥ ጥቂት ወደ ውጭ ይስበዋል፤ ወደ ቦታው ሳይመለስም ቀጣዩ ምላጭ ደርሶ ዝቅ አድርጎ ይቆርጠዋል። የቀረው ጫፍ ከቆዳው ገጽ በታች ይሰምጣል። ፀጉሩ ቀጥ ያለ ከሆነ በመጣበት ቀዳዳ ተመልሶ ይወጣል። የተጠቀለለ ከሆነ ግን የሾለው ጫፍ የቀዳዳውን ግድግዳ ሊወጋ፣ ወይም ወጥቶ ከታጠፈ በኋላ ተመልሶ ወደ ቆዳ ሊገባ ይችላል። ሰውነትም እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮት ይቆጣል፤ ቦታው ያብጣል፣ ያሳክካል፣ ይጠቁራል፣ አንዳንዴም ጠባሳ ይተዋል። ብዙ ወጣቶች «ብጉር» ብለው የሚያልፉት የአንገት ሽፍታ አንዳንድ ጊዜ ይኸው ነው። ችግሩ ፀጉራቸው በተጠቀለለ፣ በተለይም አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ላይ በብዛት ይታያል።

በዚህ ምክንያት ብዙ የቆዳ ሐኪሞች እንዲህ ያለ ጺም ላላቸው ሰዎች ባለ አንድ ምላጭ መላጫ ይመክራሉ። እርግጥ ነው፣ ባለ ብዙ ምላጭ መላጫ የግድ ሕመሙን እንደማያባብስ ያመለከቱ ጥናቶችም አሉ። የሁሉም ምክር የሚገናኝበት ነጥብ ግን አለ፦ ከመጠን በላይ አቅርቦ አለመላጨት፣ ቆዳን አለመወጠር፣ ፀጉሩ ወደሚተኛበት አቅጣጫ መላጨትና በአንድ ቦታ ላይ አለመመላለስ። ሽፍታው ከበረታ ግን ጺምን በመቁረጫ መኪና አንድ ሚሊሜትር ያህል አስቀርቶ መከርከም፣ ሐኪምንም ማማከር ይሻላል።

ዋጋውን እንዴት እናስላ?

ትክክለኛው ንጽጽር የመላጫው ዋጋ ሳይሆን የአንድ ጊዜ መላጨት ዋጋ ነው። ለምሳሌ ያህል የሚጣለው መላጫ 30 ብር፣ የብረት መላጫው 300 ብር፣ አንዱ ምላጭ ደግሞ 10 ብር ነው ብለን እናስብ። የአሜሪካ የቆዳ ሕክምና አካዳሚ ምላጭን ከ5 እስከ 7 ጊዜ ከተጠቀሙ በኋላ መቀየርን ስለሚመክር 5ን እንውሰድ። በሚጣለው አንድ ጊዜ መላጨት 6 ብር፣ በብረቱ 2 ብር ይፈጃል፤ ልዩነቱ 4 ብር ነው። 300 ለ4 ሲካፈል 75 ስለሚሆን፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚላጭ ሰው የብረቱን ዋጋ በ25 ሳምንት ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ትርፍ ነው። አንባቢ የሰፈሩን ዋጋ በነዚህ ቁጥሮች ቦታ ተክቶ ያስላ።

የግማሽ ፊት ሙከራ

የትኛው እንደሚስማማ ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ሁለት አዳዲስ መላጫዎች ይዘጋጁ፤ በሳንቲም ዕጣ አንዱ ለቀኝ፣ ሌላው ለግራ ጉንጭ ይመደብ። ውኃው፣ ሳሙናውና የማርጠቢያው ጊዜ አንድ ይሁን። በሚቀጥለው ጊዜ ጎኖቹ ይቀያየሩ፤ ቀኝ እጅ በአንደኛው ጉንጭ ላይ ይበልጥ ስለሚመቸው ይህ መቀያየር ካልተደረገ የምንለካው መላጫውን ሳይሆን እጃችንን ይሆናል። ከእያንዳንዱ መላጨት በኋላ የመጎተትና የማቃጠል ስሜት ከ0 እስከ 10 ይመዝገብ። ከ24 ሰዓት በኋላ ደግሞ የትኛው ጎን በየትኛው እንደተላጨ የማያውቅ ጓደኛ ሽፍታዎቹን ይቁጠር። ስድስት ጊዜ ከተደጋገመ ከማስታወቂያ የተሻለ ማስረጃ ይገኛል። በሌላ ጊዜም አንድን መላጫ ይዞ የማርጠቢያውን ጊዜ ብቻ በመለወጥ የውኃውን ድርሻ መመርመር ይቻላል።

ለማንም የማይዋስ ዕቃ

የተማሪ ማደሪያ ብዙ ነገር በጋራ የሚበላበትና የሚለበስበት ቦታ ነው፤ መላጫ ግን ከዚህ ውጭ ነው። ምላጭ በዓይን የማይታይ ጭረት ስለሚፈጥር ደም ሊይዝ ይችላል። የጉበት ብግነት የሚያስከትለው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀናት የመበከል ኃይሉን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ስለ ኤች.አይ.ቪ. ደጋግመን የሰማነው «ስለታም ነገሮችን በጋራ አትጠቀሙ» የሚለው ማሳሰቢያም ለመላጫ በሚገባ ይሠራል። በውኃ ማለቅለቅ መላጫን ለሌላ ሰው አስተማማኝ አያደርገውም። በፀጉር ቤትም አዲስ ምላጭ ዓይናችን እያየ ከወረቀቱ እንዲወጣ መጠየቅ መብታችን ነው።

እንግዲህ ከላይ እንዳየነው ምቾትን የሚወስነው የምላጭ ብዛት ሳይሆን የስለቱ ጥራት፣ የፀጉሩ መራስና የእጁ ቅለት ነው። ለጀማሪ የሚጣለው መላጫ፣ መላጨትን ለለመደ የብረቱ መላጫ የሚስማማ ይመስለናል፤ ታጣፊውን ለባለሙያው እንተወው። መላጫው ከተጠቀሙበት በኋላ ታጥቦ በደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ያለቀውን ምላጭ ግን በባዶ ቆርቆሮ ውስጥ አጠራቅሞ፣ አፉን አሽጎ መጣል ይገባል፤ የማደሪያውን ቆሻሻ በእጃቸው የሚያነሱት የጽዳት ሠራተኞች በእኛ ምላጭ መቆረጥ የለባቸውምና።