ከቶሮ ወይን ጠጅ እስከ ቀይ ማሽላ፦ ታኒንና የመተማ ቆላ ገበታ

መግቢያ

በሰሜን ምዕራብ ስፔን፣ በዱዌሮ ወንዝ አካባቢ የሚመረተው የቶሮ ቀይ ወይን ጠጅ በብርታቱ ይታወቃል። የሚጠመቀው የቴምፕራኒዮ ዝርያ ከሆነው ቲንታ ዴ ቶሮ ሲሆን፣ የአልኮል መጠኑ ብዙ ጊዜ ከ14 እስከ 15 በመቶ ይደርሳል፤ ታኒኑም ከፍተኛ ነው። የአገሩ ሰዎች ከተጠበሰ የበግ ጠቦትና ከበግ ወተት ከተሠራ የቆየ አይብ ጋር ያቀርቡታል። ምርጫው ከልማድ ባሻገር ኬሚካዊ ምክንያት አለው። ያው ምክንያት ማሽላና ሰሊጥ በሚታረስበት በመተማ ቆላ ገበታም ይሠራል፤ በዚያ ግን ጥያቄው ከጣዕም አልፎ ጤናን ይነካል።

የጥምረቱ ምክንያት

ታኒን ፕሮቲንን አጥብቆ የሚይዝ ውሕድ ነው። ምራቅ ውስጥ ካሉት አለስላሽ ፕሮቲኖች ጋር ሲጣበቅ አፍ ይደርቃል፤ ምላስም ይኮማተራል። ሥጋ ወይም አይብ አብሮ ሲበላ ግን ታኒኑ ከፊሉ በምግቡ ፕሮቲን ይያዛል፤ ስቡም አፍን ያለሰልሳል። የጠቦት ሥጋ ብርቱውን ወይን ጠጅ የሚያለዝበው በዚህ መንገድ ነው።

አልኮልና ቃሪያ ግን አይስማሙም። የቃሪያን ማቃጠል የሚቀበለው የነርቭ ተቀባይ በአልኮል ይበልጥ ይነቃል። ስለዚህ 15 በመቶ አልኮል ያለው ወይን ጠጅ በአዋዜ ከተለወሰ ሥጋ ይልቅ በርበሬ ላልበዛበት የበግ ወይም የፍየል ጥብስ ይስማማል። የቆላው ሙቀትም ከግምት መግባት አለበት፤ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ ካልቀረበ የአልኮሉ ሽታ ጣዕሙን ይሸፍነዋል።

ታኒን በማሽላ

የማሽላ ፍሬ ሁሉ ታኒን የለውም። ነጭ ማሽላ አብዛኛውን ጊዜ ከታኒን ነጻ ነው፤ ታኒን የሚገኘው ከፍሬው ልባስ ሥር ቀለም ያለው ሽፋን ባላቸው ዝርያዎች ነው። ይህ ምሬት ለገበሬው ጥቅም አለው፤ ግሪሳን የመሰሉ ወፎች ምርጫ ካላቸው ወደ ሌላ ማሳ ያልፋሉ።

እንዲህ ካለ ማሽላ የተጠመቀ ጠላ የታኒኑን ከፊል ይዞ ይቀራል፤ የጌሾው ምሬትም ይጨመርበታል። በመሆኑም ከሥጋ ጋር ያለው ዝምድና ከቀይ ወይን ጠጅ ጋር ይቀራረባል። አረቄ ግን የተለየ ነው። ታኒን ስለማይተን በማውጣት ሂደት ከጋን ወደ መቀበያው አያልፍም፤ አረቄ የሚያቃጥለው በአልኮሉ ብቻ ነው።

የጤናው ጉዳይ

ታኒን ከፕሮቲን ሌላ የብረት ማዕድንንም ይይዛል። በሥጋ ውስጥ ያለው የብረት ዓይነት በዚህ እምብዛም አይጎዳም፤ በእህልና በጥራጥሬ ያለው ግን ከፊሉ አንጀት ሳይቀበለው ይወገዳል። ስለዚህ ሥጋ ለሚበላ ሰው ጣዕም የሚያለዝበው መጣበቅ፣ በማሽላ እንጀራና በሽሮ ለሚኖር የቀን ሠራተኛ የብረት እጦት ነው። በምግብ ላይ የሚጠጣ ሻይም ተመሳሳይ ውጤት አለው።

ጉዳዩ በመተማ ክብደት የሚያገኘው ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ ከደጋ የሚወርዱት ወቅታዊ ሠራተኞች ለካላ አዛር ስለሚጋለጡ ነው። የመተማና የሁመራ ቆላ በበሽታው የታወቀ ሲሆን፣ የደም ማነስ ከዋና ምልክቶቹ አንዱ ነው። በብረት ድሃ የሆነ ገበታ ታማሚውን ይበልጥ ሊያደክመው ይችላል። ሊጡን በሚገባ ማቡካት፣ ሻይን ከምግብ ቢያንስ አንድ ሰዓት ማራቅ፣ ሎሚ ወይም ቲማቲም መጨመር ጉዳቱን ይቀንሳሉ።

መደምደሚያ

ታኒኑን ከማሽላ ማስወገድ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ለሠራተኛው የተረፈውን ብረት ያህል ለግሪሳ የተረፈ እህል ሊኖር ይችላልና። የዝርያ ምርጫ የሚያካሂዱ ተመራማሪዎች የማሳውን ኪሳራና የገበታውን ጉድለት በአንድ ሚዛን ማየት ይጠበቅባቸዋል።