ገበሬዎቹ ነፍሳት፦ ጉንዳንን በቤት ውስጥ አኑሮ ስለ ማጥናት

በአውሮፓ፣ በሰሜን አሜሪካና በሩቅ ምሥራቅ ከተሞች ወፍ ወይም ዓሣ እንደሚያረቡት ሁሉ ጉንዳን በቤታቸው የሚያኖሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ከሁሉ አብልጠው የሚመኙት ቅጠል ቆራጭ የሚባለውን ጉንዳን ነው። በብርጭቆ ሣጥን ውስጥ የቅጠል ቁራጭ እንደ ጥላ ተሸክሞ በሰልፍ ሲጓዝ ማየት ያስደንቃል። ይህ ጽሑፍ የዚህን ጉንዳን አኗኗር ካስተዋወቀ በኋላ፣ ጉዳዩን ወደ አገራችን በማምጣት በጋይንት ቤተ ልሔም ወይም በሌላ የአማራ ክልል ወረዳ የሚኖር ተማሪ ያለ ቤተ ሙከራ ምን ሊያጠና እንደሚችል፣ ከምንስ መታቀብ እንደሚገባው ለማሳየት ይሞክራል።

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። ቅጠል ቆራጩ ጉንዳን የሚቆርጠውን ቅጠል አይበላም። አታ እና አክሮሚርሜክስ በሚባሉት ሁለት ወገኖች የሚመደቡት እነዚህ ጉንዳኖች በተፈጥሮ የሚኖሩት በአሜሪካ አህጉራት ብቻ ነው። ሠራተኞቹ ቅጠሉን ወደ ጎጆ ካስገቡ በኋላ እያኘኩ ያደቁትና ለሚያለሙት ፈንገስ ማደጊያ ያደርጉታል። ፈንገሱ በቅጠሉ ላይ ያድጋል፤ በጫፉም በንጥረ ምግብ የበለጸጉ ጥቃቅን እብጠቶችን ያወጣል። የመንጋው እጮች የሚያድጉት በእነዚህ ነው። እንግዲህ ጉንዳኑ ገበሬ፣ ቅጠሉ ማዳበሪያ፣ ፈንገሱ ደግሞ አዝመራ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ የዘረ መል ጥናት የጉንዳኖች የፈንገስ እርሻ ከ66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ዳይኖሰሮችን ያጠፋው የሰማይ አለት መሬትን በመታበት ዘመን እንደ ጀመረ ያመለክታል። የሰው ልጅ ማረስ ከጀመረ ገና 12 ሺህ ዓመት ያህል ቢሆነው ነው።

እርሻ ካለ አረም አለ። የጉንዳኖቹን አዝመራ የሚያጠቃ ኤስኮቮፕሲስ የተባለ ሌላ ፈንገስ ይገኛል። ሠራተኞቹ ሲያዩት ይነቅሉታል፤ ከዚህም በላይ ብዙዎቹ በአካላቸው ላይ የሚኖር፣ ይህን ጠላት የሚገታ መድኃኒት የሚያመነጭ ባክቴሪያ ይሸከማሉ። ሰው ፔኒሲሊንን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1928 መሆኑን ስናስታውስ፣ ጉንዳኑ በዚህ ረገድ ከእኛ እጅግ የቀደመ ባለ ሙያ መሆኑን መቀበል ግድ ይሆናል።

አዲሲቱ የአታ ንግሥት ከእናቷ ጎጆ በርራ ስትወጣ በአፏ ሥር ባለች ትንሽ ኪስ የፈንገስ ቁራሽ ይዛ ትሄዳለች፤ ልክ ጎጆ የምትወጣ ሙሽራ እርሾ ይዛ እንደምትሄድ ዓይነት ነው። ይህ ቁራሽ ከሞተ ንግሥቲቱም አዲሱ መንጋም ያልቃሉ። ከተሳካላት ከ10 ዓመት በላይ ልትኖር፣ መንጋዋም በሚሊዮን ሊቆጠር ይችላል። ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ መሆኗ ይታወቃል፤ ብዙ ዓመት የሚፈጀውን ያን ትምህርት አንድ ደቀ መዝሙር ጀምሮ እስኪጨርስ ድረስ አንዲት ንግሥት ሳትቋረጥ እንቁላል ስትጥል ልትቆይ ትችላለች ማለት ነው።

በቤት ማኖሩ ግን ቀላል አይደለም። ፈንገሱ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀትና ከፍተኛ እርጥበት ይፈልጋል፤ በየዕለቱ መርዝ ያልተረጨበት ለጋ ቅጠል መቅረብ አለበት፤ ጥራጊውም ለብቻው የሚጣልበት ክፍል ያሻዋል። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ማምለጡ ነው። አታ በትውልድ አገሩ እንኳ የብርቱካንና የሎሚ ዛፍ በአንድ ሌሊት ቅጠል አልባ የሚያደርግ የታወቀ የሰብል ጠላት ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ሳይቀር ያለ መንግሥት ፈቃድ ከቦታ ቦታ ማዘዋወር አይፈቀድም። በእኛ አገር ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው በየጓሮው ባለበት እንዲህ ያለ ነፍሳት ማስገባት በምንም ሚዛን የሚደገፍ አይደለም። ስለዚህ ቅጠል ቆራጩን በሥዕልና በፊልም እናድንቀው፤ በእጃችን ግን አገር በቀሉን እንያዝ።

አገር በቀል ገበሬ አለንን? አዎን፣ አለን፤ ምስጥ ነው። ምስጥ ጉንዳን አለመሆኑን ልብ ይሏል። ጉንዳን የንብና የተርብ ዘመድ ሲሆን ምስጥ ግን ከበረሮ ወገን ነው፤ የምስጥ ንጉሥም ከንግሥቲቱ ጋር ዕድሜውን በሙሉ አብሮ ሲኖር፣ ወንዱ ጉንዳን ከጋብቻው በረራ በኋላ ወዲያው ይሞታል። ሆኖም ኩይሳ የሚሠሩት ማክሮተርሚስና መሰሎቹ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ እዚሁ በአፍሪካ፣ ከጉንዳኖቹ ጋር ሳይገናኙ የፈንገስ እርሻን ለብቻቸው ጀመሩ። ደረቅ ሣርና እንጨት በልተው የሚጥሉትን ኩስ እንደ ሰፈፍ እየከመሩ ተርሚቶማይሲስ የተባለውን ፈንገስ ያበቅሉበታል። ፈንገሱ ለምስጡ የሚከብደውን የእንጨት ክፍል ይፈጭለታል፤ ምስጡም በፈንገሱ የላላውን አሮጌ ሰፈፍ መልሶ ይበላዋል። በክረምት ከኩይሳ ላይ የሚበቅለውና በብዙ ቦታ ለምግብ የሚለቀመው እንጉዳይ የዚሁ እርሻ አበባ ነው ቢባል ያስኬዳል። ብዙዎቹ የምስጥ ዝርያዎች እንደ አታ ንግሥት ዘሩን ይዘው አይወጡም፤ የአዲሱ ጎጆ የመጀመሪያ ሠራተኞች የእንጉዳዩን ብናኝ ከውጭ ለቅመው ያስገባሉ። በመጀመሪያው ክረምት ምሽት በመብራት ዙሪያ የሚርመሰመሰው፣ «እንደ አሸን ፈላ» የምንልበትም አሸን አብዛኛውን ጊዜ ለጋብቻ የወጣ ክንፋም ምስጥ ነው። ምስጥ ሙቀት ስለሚወድ ትልልቁ ኩይሳ የሚፈለገው በጋይንት ደጋ ሳይሆን ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ቆላ ወርዶ ነው። በቤት ለማኖር አይመችም፤ የቤቱን ምሰሶ ያስታወሰ ሰውም አይሞክረውም።

ለጀማሪ የሚስማማው ተራ ጉንዳን ነው። በተለይ ካምፖኖተስ የሚባሉት ትልልቅ ጉንዳኖችና እህል ሰብሳቢዎቹ የሜሶር ወገኖች ታጋሾች ናቸው። በክረምት በሰልፍ ቤት ጥሶ የሚገባውና ዶሮ የሚያስለቅቀው ጉንዳን ግን አይሞከርም፤ እርሱ ሥጋ በል ሲሆን አንድ ቦታ ረግቶ አይኖርም፤ ንግሥቱም ክንፍ የላትም።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ዝናብ ካባራ በኋላ መሬት ላይ ብቻዋን የምትሮጥ፣ ክንፏን የጣለች ንግሥት ትፈለጋለች፤ ከሠራተኛ የምትለየው በትልቅነቷ፣ በወፍራም ደረቷና ክንፍ በነበረበት ቦታ በሚታየው ጠባሳ ነው። ጎጆ ቆፍሮ ንግሥት ማውጣት አይገባም፤ ያ መንጋውን መግደል ነው። የሙከራ ቱቦ ወይም ጠበብ ያለ ብልቃጥ ሲሶው ድረስ ውኃ ይሞላና በጥጥ ጠበቅ ተደርጎ ይደፈናል፤ ንግሥቲቱ ከጥጡ ወዲህ ትገባለች፤ አፉ በሌላ ጥጥ ይዘጋል። ከዚያ ጨለማ ቦታ ማስቀመጥና መተው ነው። ጀማሪዎች የሚቸገሩት በዚህ መተው ላይ ነው። ንግሥቲቱ በእነዚያ ሳምንታት ምግብ አትሻም፤ ለመብረር ያገለግላት የነበረውን ጡንቻ አቅልጣ የመጀመሪያ ልጆቿን ታሳድግበታለች። የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች በጣም ትንንሽ ሆነው ይወጣሉ፤ እነርሱ ሲታዩ ብቻ አንዲት ጠብታ ማርና የተቆረጠች ዝንብ ይቀርብላቸዋል። መንጋው ሲበዛ ከጀሶና ከመስታወት ሰፋ ያለ ጎጆ ይሠራል፤ ከላይ በኩል ጠርዙን ቫዝሊን መቀባት እንዳይወጡ ያግዳል።

ጉንዳን የገላውን ሙቀት ራሱ ስለማይወስን የእድገቱ ፍጥነት በአካባቢው ሙቀት ይወሰናል። ሁለት ንግሥቶችን ይዞ አንዷን ምድጃ ባለበት ክፍል፣ ሁለተኛዋን በቀዝቃዛው ጓዳ አስቀምጦ ከእንቁላል እስከ ሠራተኛ ያሉትን ቀናት መቁጠር በመማሪያ መጽሐፍ ያለውን ትምህርት በዓይን ያሳያል። ለዚህ የሚያስፈልገው ደብተር፣ ቴርሞሜትርና ትዕግሥት ነው።

የጉንዳን ማኖር ልማድ ገበያ ከሆነ ወዲህ ግን ሌላ መልክ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2025 በኬንያ ሁለት ቤልጅየማውያን ወጣቶች 5 ሺህ ያህል ጉንዳኖችን ጥጥ ባለባቸው ከ2 ሺህ በላይ ቱቦዎች ውስጥ ይዘው ተገኙ። ብዙዎቹ ሜሶር ሴፋሎቴስ የተባለው የምሥራቅ አፍሪካ ትልቅ እህል ሰብሳቢ ጉንዳን ንግሥቶች ነበሩ። ፍርድ ቤቱ እነርሱንና በተመሳሳይ ድርጊት የተያዙ ሌሎች ሁለት ሰዎችን እያንዳንዳቸውን 1 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ ቀጣ። ሰዎች ዝሆንና አውራሪስ ብቻ የሚሰረቅ ይመስላቸው ነበር። እህል ሰብሳቢ ጉንዳን ዘር ይበትናል፤ አፈር ያገላብጣል፤ ንግሥቶቹ በሺህ ሲለቀሙ ደግሞ እያንዳንዷ ያልተመሠረተ መንጋ ናት። በእኛም አገር የጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀምን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 እንዲህ ያለውን ሀብት ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ተማሪው የያዛትን ንግሥት ከወረዳው እንኳ ማውጣት የለበትም እንላለን፤ ምክንያቱንም የራሳችን አካባቢ ያስተምራል።

ደቡብ ጎንደር በቤተ ክርስቲያን ደኖቹ በዓለም ሳይንስ ዘንድ የታወቀ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በዞኑ 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ባደረጉት ጥናት 168 የእንጨት ዕፀ ዋት ዝርያዎችን መዝግበዋል። እርሳቸው ከማግዳሌና ሶርገር፣ ከማርጋሬት ሎውማንና ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት ሌላ ጥናት ደግሞ ሌፒሲዮታ ካኔሴንስ ስለተባለች ትንሽ ጉንዳን ነው። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በቤተ ክርስቲያን ደንና በዙሪያው ሲመረመር፣ ይህች ጉንዳን በጎጆ የተወሰነ መንጋ ሳይሆን ጎጆዎቹ እርስ በርስ የማይጣሉበት ታላቅ መንጋ እንደምትመሠርት ታወቀ፤ ከተገኙት የሰፋው 38 ኪሎ ሜትር ይዘረጋል። እንዲህ ያለ ባሕርይ በአብዛኛው የሚታወቀው አገር በወረሩ መጤ ጉንዳኖች ነበር፤ ይህች ግን በትውልድ አገሯ ነች። ተመራማሪዎቹ ወደ ሌላ አህጉር ብትሻገር ወራሪ ልትሆን እንደምትችል አሳስበዋል። የቅርብ ዘመዷ ሌፒሲዮታ ፍራውንፌልዲ አውስትራሊያ ገብታ የማጥፋት ዘመቻ ተካሂዶባታል።

ጎጆዎች የአንድ መንጋ መሆናቸውን ለመፈተን በቅድሚያ የሚሠራው ሙከራ በማንኛውም ትምህርት ቤት ሊደገም የሚችል ነው። ከአንድ ጎጆ አንድ ጉንዳን፣ በ10 እርምጃ ርቀት ካለ ሌላ ጎጆ ሌላ ጉንዳን ተወስደው በአንድ ንጹሕ ብልቃጥ ይገናኛሉ። በአንቴናቸው ተዳስሰው ከተለያዩ ወይም ምግብ ከተቃመሱ አንድ መንጋ የመሆናቸው ምልክት ነው፤ ከተናከሱ ባዕዳን ናቸው። ከዚያ ርቀቱን ወደ 100፣ ወደ 500 እርምጃ ማሳደግ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥና ከእርሻው ዳር የተወሰዱትንም ማገናኘት ይቻላል። እያንዳንዱ ግጥሚያ ቢያንስ 10 ጊዜ በአዳዲስ ጉንዳኖች ይደገም፤ ከአንድ ጎጆ የተወሰዱ ሁለት ጉንዳኖችም ለማነጻጸሪያ ይገናኙ፤ የተናከሱበትና ያልተናከሱበት ብዛት በሠንጠረዥ ይጻፍ። በብልቃጦቹ ላይ ቀኑንና የጎጆውን ቁጥር መለጠፍ እንዳይረሳ፤ ሙከራው ሲያበቃ ጉንዳኖቹ የሚመለሱት በዚያ ቁጥር ነው፣ እያንዳንዱ ወደ ተወሰደበት ደጃፍ።