ዝናብ ያስገኘው ብርሃን

ፊልም ሲሠራ ገንዘብ ያልቃል፤ ተዋናይ ይታመማል፤ ዝናብ ይጥላል። እንዲህ ያለው ችግር ብዙውን ጊዜ ሥራውን ያበላሻል፤ አንዳንዴ ግን ባለሙያው ያላሰበውን ዘዴ እንዲፈልግ ያስገድደዋል። ለዚህ የሕንዳዊው ፊልም አዘጋጅ የሳትያጂት ራይ ሥራዎች ጥሩ ምሳሌ ናቸው።

ራይ «ፓተር ፓንቻሊ» የተባለውን የመጀመሪያ ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ1952 ጀምሮ፣ በገንዘብ እጦት እያቋረጠ፣ ለሕዝብ ያቀረበው በ1955 ነው። ካሜራውን የያዘው ሱብራታ ሚትራ ከዚያ በፊት የፊልም ካሜራ ነክቶ አያውቅም። ነጭ አበባ ባለው ረጅም ሣር መካከል የጀመሩትን ትዕይንት ሊቀጥሉ በሳምንቱ ቢመለሱ፣ ከብቶች አበባውን በልተውት ስለ ቆዩ እስከሚቀጥለው ወቅት መጠበቅ ግድ ሆነባቸው።

ለፊዚክስ መምህር የሚጠቅመው ግን በ1956 በወጣው በሁለተኛው ፊልም በ«አፓራጂቶ» የገጠማቸው ነው። ታሪኩ በከፊል የሚፈጸመው በባናራስ ከተማ ነው። የዚያ አገር አሮጌ ቤቶች በመካከላቸው ግቢ አላቸው፤ ብርሃኑ ከሰማይ ተበትኖ ስለሚወርድ ጥላ እምብዛም አይታይም። አዘጋጆቹ የክረምቱን ዝናብ ስለ ፈሩ ግቢው በስቱዲዮ ውስጥ እንዲሠራ ተወሰነ። ሚትራ ተቃወመ፤ በስቱዲዮ መብራት የሰማይን ብርሃን ማስመሰል አይቻልም ብሎ ተከራከረ። የሰማው የለም።

እንግዲያው ከግቢው በላይ ነጭ ጨርቅ እንደ ሰማይ ወጠረና መብራቶቹን ከታች ወደ ጨርቁ አዞረ። ተዋንያኑን ያበራላቸው ከጨርቁ የተመለሰው ብርሃን ነው። መስተዋት ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ይመልሳል፤ ጨርቅ ግን ገጹ ሻካራ ስለ ሆነ በየአቅጣጫው ይበትነዋል። የብርሃኑ ምንጭ ትንሿ አምፑል መሆኗ ቀርቶ ሰፊው ጨርቅ ሆነ ማለት ነው፤ ከአንድ ወገን የተከለለውን ሌላው ወገን ስለሚሞላው የጥላው ጠርዝ ይደበዝዛል። (በዚህ ዘዴ ከብርሃኑ ብዙው ይባክናል፤ ዋጋው ይኸው ነው።)

ፊልሙ በ1957 በቬኒስ የወርቅ አንበሳ ሽልማት አገኘ። ይሁንና ምስጋናው ለዝናቡ ብቻ መሆን የለበትም። የባናራስን ግቢ ብርሃን ልብ ብሎ ያላየ ሰው ቢሆን ኖሮ ስለታሙን ጥላ ተቀብሎ ሥራውን ይጨርስ ነበር።

ተማሪዎች በጨለመ ክፍል ውስጥ ሊሞክሩት ይችላሉ። በመጀመሪያ የእጅ ባትሪ በቀጥታ በእርሳስ ላይ አብርተው ግድግዳው ላይ የሚወድቀውን ጥላ ይመልከቱ፤ ቀጥሎ ባትሪውን ወደ ተወጠረ ነጭ ነጠላ አዙረው፣ በሚመለሰው ብርሃን ጥላውን እንደገና ይፈልጉት።