ነጭ የደም ሕዋሳት ከደም ሥር የሚወጡበት መንገድ

በአዘና አካባቢ እግሩን እሾህ የወጋው ገበሬ ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ ቢመጣ፣ ቁስሉ ቀልቶ፣ አብጦና መግል ቋጥሮ ይገኛል። መግሉ በአብዛኛው ከደም ሥር ወጥተው እዚያው የሞቱ ኒውትሮፊሎች ናቸው። ቀይ የደም ሕዋሳት ግን በብዛት አልወጡም። ነጮቹ እንዴት ወጡ?

ጀርመናዊው ዩሊየስ ኮንሃይም በ1867 እ.ኤ.አ. በእንቁራሪት ላይ ባደረገው ምርምር፣ ነጭ ሕዋሳት ያልተቀደደውን የደም ሥር ግድግዳ አልፈው እንደሚወጡ በአጉሊ መነጽር አሳይቷል። የአወጣጡ ዝርዝር የታወቀው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ብግነት ሲጀምር ደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ፈሳሽ ወደ ውጭ ይሰርጋል፤ የደሙም ፍጥነት ይቀንሳል። ነጭ ሕዋሳት ከመካከል ወደ ዳር ይገፋሉ። ይህ በይበልጥ የሚታየው ከካፒላሪዎች ቀጥለው በሚገኙት ጥቃቅን ደም መልሶች ውስጥ ነው። የተነቃቁት የግድግዳው ሕዋሳት ሴሌክቲን የተባሉ ፕሮቲኖችን ወደ ገጻቸው ያወጣሉ፤ ነጭ ሕዋሱም በእነርሱ እየተያዘና እየተለቀቀ ይንከባለላል። በግድግዳው ላይ የሚያገኘው ኬሞካይን ደግሞ የራሱን ኢንተግሪኖች ያነቃቃል። ያን ጊዜ አጥብቆ ይጣበቃል፤ ቅርጹን ለውጦ በአብዛኛው በሁለት ሕዋሳት መገናኛ ይሾልክና ኬሚካላዊውን ምልክት እየተከተለ ወደ ባክቴሪያው ያመራል። ኒውትሮፊል ይቀድማል፤ ሞኖሳይት ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ይበዛል።

የኢንተግሪን ጉድለት ይዘው የሚወለዱ ሕፃናት የመጣበቁን ዋጋ ያሳያሉ። ደማቸው በነጭ ሕዋሳት ተሞልቶ ሳለ ቁስላቸው መግል አይቋጥርም፤ እትብታቸውም ዘግይቶ ይወድቃል።

በላቦራቶሪ የሚቆጠረው በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ብቻ ነው፤ በደም ሥር ውስጥ ካሉት ኒውትሮፊሎች ግማሽ ያህሉ ግድግዳውን ተጠግተው ስለሚቆዩ አይቆጠሩም። ፕሬድኒሶሎን እነዚህን ከግድግዳው ያላቅቃል፤ ከመቅኔም ተጨማሪ ያስወጣል። ስለዚህ ኢንፌክሽን ሳይኖር ቁጥሩ ይጨምራል። ይባስ ብሎ ወደ ቁስሉ የሚወጡት ስለሚያንሱ እውነተኛው ኢንፌክሽን ያለ መቅላትና ያለ መግል ሊደበቅ ይችላል። በመድኃኒቱ ላይ ያለ ሕመምተኛ ቁስሉ «ንጹሕ» መስሎ ቢታይ፣ ሕመሙና ትኩሳቱ ችላ ሊባሉ አይገባም።

ተቃራኒውም አለ። ዳፊ የተባለው ፕሮቲን በቀይ የደም ሕዋሳቸው ላይ የሌላቸው ሰዎች የኒውትሮፊል ቁጥራቸው ዝቅ ይላል፤ አንዳንዶች ጤነኛ ሆነው ሳለ በማይክሮ ሊትር ከ1500 በታች ይሆናሉ። በኢትዮጵያ ዳፊ ያለውም የሌለውም ሰው ይገኛል። ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን በሌለበት ሰው ላይ እንዲህ ያለ ውጤት ሲገኝ፣ ሌላ ምርመራ ከመታዘዙ በፊት የቀድሞ ውጤቶቹን ማየት ይጠቅማል።